የቡፌው መነጽር

«ይሄንን መስታወት ማነው በአሸዋ ያጠበው?» አለች መነጽር ሠሪዋ።

ቁንዶ ለማየት አንገቷን አሰገገች። መነጽር ሠሪዋ ትልቁን ጥቁር መነጽር ወደ መስኮቱ አንስታ በአንድ ዓይኗ አየችበት። መስታወቱ እርስ በርስ በተደራረቡ ቀጫጭን ጭረቶች ተሞልቷል።

«ግድ የለም፣ መስታወቱን አንፈልገውም። ፍሬሙ ግን እንዲህ ዓይነት ጠንካራ ዛሬ አይገኝም። ጆሮ ላይ የሚያርፉትን ጫፎች ትንሽ አሙቄ ባጥፋቸው ልክሽ ይሆናል።»

ሳምንቱን ሙሉ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል መነጽር ቤት ሆኖ ሰንብቷል። ሰሌዳ የማይታየው ተማሪ ከቤቱ መሳቢያ የተረሳ አሮጌ መነጽር ይዞ ይመጣል፤ መነጽር ሠሪዋ የድሮውን መስታወት አውጥታ ለእሱ ዓይን የሚሆን አዲስ በነጻ ትገጥምለታለች። ከተማሪው የሚጠበቀው ፍሬም ብቻ ነው። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።

ቁንዶ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እንኳ ሰሌዳው አይታያትም። ዓመቱን የገፋችው አጠገቧ ከምትቀመጠው ከቀጮ ደብተር እየገለበጠች ነው። ቀጮ ደግሞ ጥሩ ጓደኛ ትሁን እንጂ ሲሰለቻት መስመር ትዘላለች። ባለፈው የሒሳብ ፈተና መምህሩ ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ፣ ቁንዶ ስድስቱን ስምንት ብላ አንብባ እስከ መጨረሻው ሠራችው። ስሌቷ ውስጥ አንዲት ስሕተት አልነበረችም። መምህሩ ግን ዜሮ ሰጥተው ከጎኑ «ትኩረት ማጣት» ብለው ጻፉባት። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

«ላውጣው?» አለች መነጽር ሠሪዋ አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ። «አሮጌ ስለሆነ ሲወጣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኋላ እንዳታለቅሺብኝ። ቤት ያውቃሉ አይደል?»

ቤት ማንም አያውቅም። መነጽሩ የአባባ፣ የአያቷ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ነበሩ። ቁንዶ የሚለውንም ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ቁንዶ በርበሬ አሏት፤ እየዋለ ሲያድር በርበሬው ተረሳና ቁንዶ ብቻ ሆነች። አባባ ካረፉ ወዲህ መነጽራቸው ሳሎን ቡፌ ውስጥ፣ ከፎቷቸውና ከባርኔጣቸው አጠገብ ተቀምጧል። የቡፌው ቁልፍ ከአክስቷ ከእትዬ አንገት አይወርድም። ዛሬ ጠዋት እትዬ ሊታጠቡ ሲያወልቁት ነው ቁንዶ አንስታ የከፈተችው።

መነጽር ሠሪዋ አውራ ጣቷን ጫን አደረገች።

«ቆይ! ይስጡኝ» አለች ቁንዶ። «ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

«ነገ እስከ ምሳ ብቻ ነው ያለሁት።»

«ከምሳ በፊት እመጣለሁ።»

ቀጮ ውጭ ስትጠብቃት ነበር። መነጽሩ እንዳለ መሆኑን ስታይ ጭንቅላቷን ያዘች። «አበድሽ እንዴ? አልቆልሽ ነበር እኮ!»

«ሌባ አይደለሁማ።»

«ሰርቀሽው የለ እንዴ!»

«ለዚህ ነዋ የምመልሰው። ፊት ለፊት ነው የምወስደው።»

«እትዬ ከነቦርሳሽ ነው የሚውጡሽ።»

«ይዋጡኝ። አቃጥላቸዋለሁ» አለች ቁንዶ። ድምጿ የጀግና ነበር፤ ቤት እስክትደርስ ግን መነጽሩ ቦርሳዋ ውስጥ መኖሩን ደጋግማ ዳሰሰች።

ቤት ስትገባ ቡፌው ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ሳሎኑ መሀል ቆመዋል። እናቷ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ሆና፣ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች፣ በዓይኗ «ዝም በይ» አለቻት።

«ማነው የነካው?» አሉ እትዬ።

«እኔ ነኝ።» መነጽሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ፍሬሙን እፈልገዋለሁ። ትምህርት ቤት አዲስ መስታወት ይገጥሙልኛል። ሰሌዳ አይታየኝም።»

«አሮጌ መነጽር ከዓለም ጠፋ? ሄደሽ ጎረቤት ጠይቂያ!»

«ጠይቄያለሁ። ያላቸውም የተሰባበረ ነው። ደህናው ይሄ ብቻ ነው፣ እሱም ቡፌ ውስጥ ተዘግቶበት ፎቶ ያያል።»

«ኧረ ቁንዶ!» አለች እናቷ። «ትልቅ ሰው እኮ ናቸው!»

«ተያት፣ ትናገር» አሉ እትዬ። «አባቴ ሲታመሙ በየጠዋቱ ይሄን መነጽር ዓይናቸው ላይ የማደርግላቸው እኔ ነበርኩ። ጋዜጣቸውን ዘርግቼ፣ ትራሳቸውን ደግፌ። አንቺ ያኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ ብስኩት ትበዪ ነበር። ዛሬ ተነሥተሽ መስታወቱን አውልቀሽ ልትጥይው? እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም!»

መነጽሩን አነሡና ትከሻቸው ላይ በነበረው ደረቅ ፎጣ ይፈገፍጉት ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ያውም የልብስ ዱቄት ሳሙና ነስንሰውበት፣ አቧራ አይድረስበት ብለው፣ መላ ኃይላቸውን ተጠቅመው። ቁንዶ ፎጣው ሲሽከረከር አየች። ጭረቶቹን ማን እንደሠራቸው ያን ጊዜ ገባት። ቀስ ብላ ብትነግራቸው ይሻል ነበር፤ ንዴቷ ግን ቀደማት።

«ይተዉት በቃ! እየፈገፈጉ ያበላሹት እርስዎ ነዎት! ምንም አይታይበትም። አባባ ተመልሰው ቢመጡ እንኳ አያዩበትም!»

እናቷ አፏን በእጇ ያዘች። ቁንዶ ጥፊ ጠበቀች፤ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

ጥፊው አልመጣም። እትዬ መነጽሩን ቀስ ብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉት። እስከዚያ ቀን አድርገውት አያውቁም ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ራሳቸው እጅ። አውልቀው እንደገና አደረጉት።

«ጉም ነው» አሉ። መስታወቱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ደግሞ፣ «እኔ እኮ እንዲያበራ ብዬ ነበር» አሉ።

ቁንዶ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተጠጋች። አሁን እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ብትል መነጽሩ ወደ ቡፌው ይመለሳል፣ እሷም ወደ ቀጮ ደብተር ትመለሳለች። ይህን አወቀችና እንባዋን ዋጠችው።

«ሆን ብለው እንዳላደረጉት አውቃለሁ፣ እትዬ። ስለጮኽኩም አጥፍቻለሁ። ግን እኔም የማየው ጉም ብቻ ነው፣ በየቀኑ። ነገ ከምሳ በፊት እወስደዋለሁ፣ በዓይንዎ እያዩኝ። ከፈለጉ ይምቱኝ።»

እትዬ መነጽሩን አወለቁ፣ ቡፌውን ዘጉ፣ ቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አጠለቁና ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ።

መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

«ረስተውት ይሆን?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«እትዬ ምን ረስተው ያውቃሉ?» አለች ቁንዶ።

በማግስቱ አንዱ መስታወት በደህና ወጣ፤ ሁለተኛው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ። መነጽር ሠሪዋ ቅርጫቱ ውስጥ ልትጥላቸው ስትል ቁንዶ እጇን ዘረጋች፤ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻቸው። አዲሱ ሲገጠም ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዛፍ በድንገት ቅጠል በቅጠል ሆነ።

«መጀመሪያ በውኃ፣ ከዚያ በዚህች ለስላሳ ጨርቅ» አለች መነጽር ሠሪዋ። «በደረቁ እንዳትነኪው።»

«ሁለት ጨርቅ ይስጡኝ።»

«ሁለተኛው ለማን ነው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚወለውሉልኝ ሰው።»

ክፍል ስትገባ የጠበቀችው ሳቅ ጠበቃት። ፍሬሙ የፊቷን ግማሽ ይዟል። «አባባ መጡ! ወንበር ልቀቁላቸው!» አለ አንዱ። «አባባ፣ እስቲ ይመርቁን!» አለ ሌላው።

ቁንዶ ቆመችና መነጽሩን በሌባ ጣቷ ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። «ልብ ይስጣችሁ፣ ልጆቼ» አለች። ሳቁ እጥፍ ሆነ፤ ግን አሁን ከእሷ ጋር ነበር የሚስቁት፣ ባይሆንም ግድ አልነበራትም።

ቀጮ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ቁንዶ ግን ቦርሳዋን አነሣችና በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። የሒሳብ መምህሩ ገብተው ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ዘወር ሲሉ አዩዋት።

«አንቺ! ከፊት ሆነሽም ትኩረት የለሽም። ምን ፍለጋ ነው እዚያ የሄድሽው?»

ቀጮ ደብተሯን ከእጅ ወደ እጅ አሳልፋ ላከችላት። ቁንዶ ሳትገልጠው መለሰችላትና የራሷን ደብተር አዲስ ገጽ ገለጠች።

«ከዚህ ይታየኛል፣ መምህር» አለች። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት ተነሥታ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የመጀመሪያውን መስመር፣ ከስድስቱ ጀምራ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።