ዘር ቆጣሪው እንግዳ

ሚካል ከበበው የጠብ ምክንያት ፈላጊ አልነበረችም፤ ምክንያቱ ራሱ ነበር እየፈለገ የሚመጣባት። ያን ዓመት የመጣባት ግን ከሁሉም የከፋ ነበር።

ታላቅ እህቷ ትሩፋት በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ ሴት ልጅ በወለደች በአምስተኛው ሳምንት ደረቷን ይዛ ወደቀች። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሳት። ወጣት፣ ቀጭን ሴትም ልብ እንዳላት ለማሰብ የደከመ የለም። እውነቱን ያገኘው ሁለተኛው ሆስፒታል ነው፤ ለልብ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ግድግዳው በራሱ ጊዜ ከውስጥ ተሰንጥቋል። ትሩፋት ተረፈች። ሐኪሞቹ ግን «ብርቅ ሕመም ነው። ከዘር ይሁን አይሁን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ቤት ድረስ ይመጣሉ» አሉ።

የመካኒሳ ሰፈር ጥናት አላስፈለገውም። ጎረቤታቸው እትዬ ወጋየሁ በአንድ ከሰዓት አጥንተው ውጤቱን አወጁ፤ «የዘር ነው። እናታቸውስ በድንገት አይደል የሞተችው?»

እናታቸውን የገደላት መኪና ነበር። ይህን ማንም አላነሳውም።

ሚካል አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። አንድ ማክሰኞ ረጅም፣ ዐይነ አፋር ሰው መጥቶ ሃያ ቅጂ አዘዘ። ወረቀቱ ላይ በመስመር የተያያዙ ካሬዎችና ክቦች ብቻ ነበሩ።

«ይሄ ምንድን ነው? የቤት ፕላን?»

«የቤተሰብ ነው። ካሬው ወንድ፣ ክቡ ሴት። የታመመው ጥቁር ይቀባል።»

«ያልታመመውስ?»

«ባዶ ይተዋል።»

«ታድሎ» አለች።

ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ሚካልም ማሽኑ ወረቀት መጨረሱን ሳታይ ቆየች። ቅጂዎቹን እየሰበሰበ «የአቶ ከበበውን ቤት ታውቂዋለሽ?» አላት።

«አባቴ ናቸው።»

ጸጋአብ ይባላል፤ ከጥናቱ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ትሩፋት ተቀብላ አስገባችው፣ ቅጹንም ፈረመች። አቶ ከበበው ከለቅሶ ሲመለሱ ያገኙት ግን አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ከሚካል ፊት ተቀምጦ፣ «አያትሽ ማን ይባላሉ? ቅድመ አያትሽስ? ከወገናችሁ ዘመዳሞች ሆነው የተጋቡ አሉ?» እያለ ሲጠይቅ ነው። እሳቸው በሚያውቁት አገር ይህን የሚጠይቅ ሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው።

«ልጄ» አሉት፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ፤ «ዘር የሚቆጠረው በሽማግሌ ነው። አባት የለህም እንዴ?»

ጸጋአብ ብድግ አለ። «አለኝ፣ አባባ። ፉሪ ነው ያለው።»

«ታዲያ እሱን ላከዋ።»

ትሩፋት ልጇን እንደታቀፈች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ሚካል መግቢያ ቀዳዳ አጣች። ጸጋአብ ስለ ጥናቱ ማስረዳት ጀመረና ቀና ሲል ዐይኗን አገኘው፤ የጀመረውም ነገር መሐል ላይ ጠፋበት።

ከዚያ በኋላ ለቀረ ጥያቄ አንድ ቀን መጣ። ከዚያ ደግሞ ቀድሞ ያስቀዳውን ወረቀት እንደገና ሊያስቀዳ ወደ ሱቋ ይመላለስ ጀመር። ከዚያ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ደም ልትወስድ የመጣችው ሪሐና የምትባል የሥራ ባልደረባው ነበረች።

«ፋይላችሁ ወደ እኔ ሊዛወር ነው» አለች። «ጸጋአብ ራሱ ነው የጠየቀው።»

የተማረውም እንደዚያው! ሚካል ነደደች። ሰፈሩስ አያውቅም እንበል፤ ይሄ ግን እያወቀ የሸሸ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ እትዬ ወጋየሁ ነው። አንድ ሳምንት ቁጣዋን ዋጥ አደረገችው፣ አልዋጥ አላት። ሱቋን ዘግታ ታክሲ ያዘችና ለምሳ ሲወጣ የቢሮው በር ላይ ጠበቀችው።

«ደማችንን ፈርተህ ነው?»

«አባትሽን ነው የፈራሁት።»

«አትቀልድብኝ።»

«የምወዳትን ሴት ፋይል ይዤ መቀመጥ አልችልም፤ ደንብ አይፈቅድም፣ ነውርም ነው። ደግሞ ውጤቱን ካንቺ ቀድሜ አይቼ ብመጣ፣ ጥሩ ስለሆነ ነው የመጣው ትያለሽ።»

«ይህን መናገር አቅቶህ ነው?»

«ርክክቡ ሳያልቅ ምን ብዬ ልንገርሽ? የተፈረመው ዛሬ ጠዋት ነው።»

ሚካል መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ የሚቀበለው ሰው አጣ። ሁለቱም የሚያልፉትን ታክሲዎች እያዩ ቆሙ።

«ውጤቱ እስኪወጣ ጠብቅ» አለችው በመጨረሻ።

«ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ከላክሁማ፣ የላክሁት ለወረቀቱ ነው።»

በሁለተኛው እሑድ አባቱና አጎቱ አቶ ጌቱ መጡ። አቶ ከበበው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ደብቄ አልድርም» አሉ። «ትልቋ ታማብኛለች፤ በትንሿ ደም ውስጥ ምን እንዳለ ገና አልታወቀም።» በሌላ ቤት ቢሆን ሽማግሌ «እንመካከርበት» ብሎ የሚነሳው እዚህ ላይ ነበር።

አቶ ጌቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ልጅ ልንለምን ነው የመጣን» አሉ፤ «ዋስትና ልንገዛ አይደለም።»

ውጤቱ የወጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ሪሐና ሁለቱን እህቶች አስቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ከዚህ ሕመም ጋር ይያያዛሉ ተብለው የሚታወቁት የዘረመል ለውጦች በሁለቱም ላይ አልተገኙም። «ምክንያቱ ታወቀ ማለት አይደለም፤ ፍለጋው ይቀጥላል። ትሩፋትም ክትትሏን አታቋርጥም። ግን ለልጇ ያወረሰችው የምናውቀው ነገር የለም።»

ትሩፋት ከደረቷ ላይ እጇን አወረደች። «አልሰጠኋትም» አለች፤ ትንሽ ቆይታም እንደገና፣ «እኔ አልሰጠኋትም።»

ሚካል ወደ ውጭ ወጥታ ደወለች። ጸጋአብ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው።

«ልንገርህ?»

«ከፈለግሽ።»

ነገረችው። ከስልኩ ማዶ ረጅም ትንፋሽ ሰማች፤ ወራት ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ።

«ፈርተህ ነበር እንዴ?»

«እንቅልፍም አልነበረኝም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም።»

«ብነግርሽ ትጣዪኝ ነበር።»

ሚካል ልትከራከረው አፏን ከፈተች። አሰበችበትና ሳቀች፤ እውነቱን ነበር።