ጠባቡ ቆብ

ዝናቡ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ ቀነኒ በረንዳው ላይ ቆማ የግቢውን በር በጉጉት ታያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝናቡን ትራገመው ነበር። የአሶሳ የግንቦት ዝናብ መጣሁ ብሎ አይመጣም፣ ዱብ ነው። ዛሬ ግን ደስ ብሏታል፤ ጓደኛዋ ሳሊማ አዲሱን ጃኬት ለብሳ የምትመጣበት ቀን ነዋ!

ሳሊማ መጣች። ጭንቅላቷ ላይ ፌስታል አጥልቃ እየሮጠች መጣች። ሂጃቧ ትከሻዋ ላይ ተጣብቋል፣ ከዩኒፎርሟ ውሃ ይንጠባጠባል። ጃኬቱ ቦርሳዋ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጠብታ አልነካውም።

«አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ?» አለቻት ቀነኒ። «የዝናብ ጃኬት ይዘሽ ፌስታል?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«ለዝናብ የተሰፋ ጃኬት በዝናብ ይበላሻል? በናትሽ ሙድ አትያዢብኝ!»

ለቀነኒ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አዳዳ የምትላት የአባቷ እህት ኢልሊ ገበያው ዳር ትንሽ ስፌት ቤት አላት፤ የምትሰፋቸው ልብሶች አንገት ላይ «ቀርቀሃ» የሚል ምልክት አለ። በየወቅቱ ራሷ የነደፈቻቸውን ልብሶች ታወጣለች። ዘንድሮ የክረምቱን ጃኬቶች ስታዘጋጅ ግን ባለ ቆቡን ለቀነኒ ለቀቀችላት።

«ከንድፉ እስከ ቅዱ ያንቺ ነው» ብላታለች። «ከተሳካልሽ የበጋውን አብረን እንነድፋለን። ካልተሳካ ወደ ቁልፍ መትከልሽ ትመለሻለሽ።»

ቁልፍ መትከል ደግሞ ቀነኒን እንደ ሒሳብ ፈተና ነው የሚያንገሸግሻት። ስለዚህ የሳለችውን እየቀደደች፣ ጣቷን በመርፌ እየወጋች ለፋች። በመጨረሻ ፊት ላይ ልክክ የሚል፣ ዳሩ ላስቲክ ያለው ቆብ አወጣች። ጃኬቶቹ ተሰፍተው አልቀዋል። ቅዳሜ ባዛር አለ፤ እዚያ ለብሳ የምታሳየው ሳሊማ ናት።

«በይ አሁን ልበሺውና ልየው» አለች።

ሳሊማ በረንዳው ላይ የተኮለኮሉትን ወንዶች ገልመጥ አድርጋ ጃኬቱን ለበሰች። ቆቡን ስትስበው ግንባሯ ጋ ሳይደርስ አናቷ ላይ ቀረ። ደግማ ስትስበው ላስቲኩ ሂጃቧን ይዞት ወደ ኋላ ሄደና ፀጉሯ ብቅ አለ። በድንጋጤ በሁለት እጇ ሸፈነችው።

ቀነኒ ክው አለች። «ስለካሽ ልክሽ ነበር እኮ!»

«ያኔ ሴቶች ብቻ ነበርን። ሂጃቤን አውልቄ ነዋ የለካሽኝ!»

እውነቷን ነው። ስፌት ቤቱ ውስጥ መጋረጃው ሲዘጋ ሳሊማ ሂጃቧን አውልቃ ወንበር ላይ ጣል ታደርጋለች። ቀነኒም ሜትሩን በሹሩባዋ ዙሪያ አዙራ ለካች፣ ቆረጠች፣ ሰፋች። ሰው እንዴት ጓደኛው በየቀኑ የምትለብሰውን ይረሳል? ይኸው ረሳች!

«ታዲያ ሰፍቼ ስሰጥሽ ምን ሆነሽ አሪፍ ነው አልሽኝ?»

«እንደዚያ ስትለፊ እያየሁ እንዴት ልበልሽ? ወላሂ አፌ እምቢ አለኝ» አለች ሳሊማ ወደ መሬት እያየች። «ግድ የለም፣ ቅዳሜ ስስ ሻሽ አስሬ እለብሰዋለሁ። አዳዳሽም አታውቅም፣ ማንም አያውቅም።»

ቀነኒ ለአፍታ ልቧ ወደዚያ ሄደ። ለማን ይነገራል? ግን በረንዳውን ስታይ ከሴቶቹ ግማሾቹ ሂጃብ ለብሰዋል። ገበያ የሚወጡትስ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ቶብ የሚጠመጥሙት እናቶች? የእሷስ እናት ያለ ሻሽ ወጥታ ታውቃለች? ባዛር ላይ አምሮ፣ ዝናብ ሲመጣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ጃኬት! ተናደደች፤ የተናደደችው በራሷ ነው።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች። ኢልሊ ማሽኑ ላይ ነበረች።

«አዳዳ፣ ቆቡን አበላሽቼዋለሁ» አለችና ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

ኢልሊ የራሷን ሻሽ እንዳሰረች ቆቡን ሞከረችው። አልገባም። «ወይኔ ጉዴ! ሁሉም ተሰፍቶ አልቋል እኮ፣ ቀነኒ! ጨርቅም የለኝም!»

«መሃሉን ፈትቼ ከቁርጥራጩ እቀጥልበታለሁ።»

«ለቅዳሜ ትደርሻለሽ?»

«አልደርስም።»

«እንግዲያው ምረጪ። ወይ እንዳለ ይቅረብ፣ ወይ የኔዎቹ ብቻ ይቅረቡ። ባዛሩ አንቺን አይጠብቅም።»

ቀነኒ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኑ እዩልኝ ብላ ለክፍሉ ተማሪ በሙሉ አውርታለች፤ አሁን በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

«የኔ ይቅር» አለች።

«የተባባልነውን አልረሳሽም አይደል? ቁልፍ ይጠብቅሻል።»

«አልረሳሁም። ቁልፉንም እተክላለሁ፣ ቆቡንም እፈታለሁ።»

ኢልሊ ትክ ብላ አየቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ቀነኒ የመጀመሪያውን ጃኬት ጭኗ ላይ ዘርግታ መፍታት ጀመረች።

ቅዳሜ ኢልሊ ጃኬቶቿን ይዛ ባዛር ሄደች። የሙዚቃው ድምፅ ስፌት ቤቱ ድረስ ይሰማል። ቀነኒ አልሰማሁም ብላ ስትሰፋ አረፈደች። ሳሊማ ገብታ መጋረጃውን ዘጋችና እንደ ልማዷ እጇን ወደ ሂጃቧ ሰደደች።

«አታውልቂ» አለች ቀነኒ። «እንዳለሽ ሁኚ።»

ቆቡ መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ቅጥያ ገብቶበታል። ሳሊማ ሳበችው፤ ሂጃቧን ሳይነካ ግንባሯ ድረስ መጣ። አንገቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞረች። ቀነኒ መርፌዋን እንደያዘች ትጠብቃለች።

ሳሊማ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው።

«ጆሮዬ ጋ ይጠብበኛል» አለች፣ ፈራ ተባ እያለች።

ቀነኒ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት።

«የቱ ጋ? በጣትሽ አሳዪኝ።»