በደረቅ መስክ የሰመጠው ሰው

ከአዲስ አበባ የመጣው የውሃ ባለሙያ የዓምደሚካኤል ሬሳ ደዶ አጠገብ፣ ሜዳ መስክ ላይ ተንጋሎ ተገኘ። ልብሱ ርሷል፤ ሣሩ ደረቅ ነው። ሌሊቱን ጠብ ያለ ዝናብ የለም።

ከጅማ የተጠራችው መርማሪ፣ መቶ አለቃ ሸዋረገጥ፣ ደረቱን ጫን ብትለው ከአፉ ውሃ ወጣ። ከፀጉሩም የቡና ገለፈት ለቀመች።

«የሰመጠው የገበሬ ማኅበሩ ግቢ፣ ቡና ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነው። ማታ እዚያ ማን ነበር?»

ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ዘይቡ ናት፤ ቤቷ ፈርሶ እዚሁ መስክ ላይ ወደሚሠራው አዲስ መንደር እንድትገባ የታዘዘች ባልቴት።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል አሉ፣ እናቴ።»

«ተጣልቻለሁ! ቤቴን ሊያስፈርስ የመጣ መስሎኝ ሰደብኩት። ለካስ፣ ምክንያቱን ባይነግረኝም፣ ሊያስቀርልኝ ኖሯል። ወላሂ አፈርኩ።»

«እዚህ ውሃ ይተኛል?»

«ኧረ የት አባቱ! አባቴ ከብት ያሳደረበት ነው።»

የመንደር ምሥረታው ሾፌር ከሊልም ሳቀ። «እኔ ራሴ መኪናዋን ሁሌ እዚህ ነው የማሳድራት፤ ጭቃ የለማ። ማታ ግን ጓድ ገብረሥላሴ ‹ኮረብታው ላይ አውጣት› አሉኝ። አቦ፣ ካድሬ ለምን ተብሎ ይጠየቃል?»

ጓድ ገብረሥላሴ የመንደር ምሥረታው ኃላፊ ነው።

«ሟቹ ምን ይሠራ ነበር?» አለችው።

«የወንዙንና የተዳፋቱን ልክ ኮምፒዩተር ለሚሉት ማሽን አብልቶ መጣ። ላይ ያለው ደን ስለተመነጠረ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ጎርፍ ይህን መስክ ጠርጎ ይወስደዋል አለኝ። ለሌላ እንዳትተነፍስ ብዬ ዘጋሁት። ማሽን ደመና አይቶ ያውቃል? ቅዠት ነው!»

ሸዋረገጥ ሦስቱንም ሬሳው ከተገኘበት ቦታ ሰበሰበቻቸው።

«የሰመጠን ሰው ደረቅ ሣር ላይ የሚጥል ማነው? ጎርፍ ይወስድልኛል ብሎ ያመነ። ማታ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ንፋስ በተነው እንጂ። እናቴ ዘይቡ እዚህ ውሃ ይመጣል አይሉም። ከሊልም አይልም፤ ቢል መኪናዋን እዚህ አያሳድርም። የማሽኑን ነገር የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«አላመንኩበትም ብያለሁ!» አለ ገብረሥላሴ።

«በአፍህ። መኪናዋን ግን ኮረብታ አስወጣሃት። ለቆርቆሮ የሳሳኸውን ያህል ለሰው ብትሳሳ ምን ነበረበት?»

ገብረሥላሴ ወደ ኮረብታው ዞረ። «መንደሩን ለመስከረም ሁለት አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። አዲስ አበባ ሄዶ ቢናገር የምታሰረው እኔ ነኝ።»

ካቴና ሲጠልቅለት ዘይቡ የመርማሪዋን እጅጌ ያዘች። «ልጄ፣ እንግዲህ ቤቴ አይፈርስማ?»

ሸዋረገጥ ዓይኗን ሰበረች። «ትእዛዙ የሱ አይደለም፣ እናቴ፤ ከበላይ ነው። ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ነገረቻቸው። ገዳይ በመያዟ አመሰገኗት፤ ስለ መስኩ ግን አንድም ሰው አልመለሰላትም።

የዘይቡ ቤት በሳምንቱ ፈረሰ፤ እሷም መስኩ ላይ ሰፈረች። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ማሽኑ ባለው በኩል መጣ። ዘይቡን ዓምደሚካኤል ወድቆበት ከነበረው ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ አገኟት።

መኪናዋ ኮረብታው ላይ ነበረች። ጎማዋን እንኳ ጭቃ አልነካውም።