የትርሲት ሳማ

ቢያድግልኝ ሳማውን ያጨደው ለጽድቅ ብሎ ነበር።

ትርሲት እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዋን እንደምትኖር ሰምቷል። ከአጨዳ ሲመለስ በደጇ ቢያልፍ ጓሮዋን ሳማ ውጦት አየ። አልፎ መሄድ አልሆነለትም። እሷ ከሞላሌ ገበያ እስክትመለስ ድረስ ሁሉንም አጭዶ መንገድ ላይ አፈሰሰው፤ ከብት ረገጠው።

ትርሲት ዘንቢሏን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ሳማ ወርሶሽ አይቼ...»

«ወንድሜ፣ ሳማው እኮ የተዘራ ነው።»

ሊስቅ አለና ፊቷን ሲያይ ተወው። ሳማ በበረት ጥግ በራሱ የሚበቅል፣ ሰው እህል ሲያጣ ተደብቆ የሚቀቅለው ነው። እሷ ግን ዘሩን ለቅማ፣ ፍግ አልብሳ በመደብ ዘርታዋለች። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ምግብ ቤት በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰኞ ካደረሰችለት ጾሙን ሙሉ ሊገዛት ተስማምቷል። ካላደረሰች ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሰኞው ሊደርስ አራት ሳምንት ቀርቶታል።

«ሥሩን ነቅለኸዋል?»

«አጨድኩት እንጂ አልነቀልኩም።»

«እንግዲያው ውሃ ካገኘ ይመለሳል።»

ውሃውን እሱ አመላለሰ። ሲመሽ ውርጭ እንዳይመታው አብረው ገለባ ያለብሱታል። ጓንቷን ብትሰጠው አልገባለትም።

«ይህ ጣት ለሞፈር ነው የተሠራው» አለችው። ሳቀች። እሱ ገለባውን ረስቶ ሲያያት ቆየ።

እናቱ ወይዘሮ በለጠች የሁለቱን ነገር ሰሙ።

«የሰባ ሰባትን ክፉ ቀን በሳማ ነው ያለፍኩት። ገና ልጅ ነበርኩ። ያንን ሽታ ደግሞ ምራት ይዛብኝ አትገባም።»

«እማዬ፣ እኔም የማጠጣው አንቺን ያተረፈሽን ነው። አልተወውም። እሷንም አልተዋትም።»

እናቱ ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ሁለቱ ለቀማ ጀመሩ። የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ሁለት ማዳበሪያ መሙላት አለባቸው። አንዱ እንኳ አልሞላም። ያኔ ወይዘሮ በለጠች ነጠላቸውን አገልድመው በአጥሩ ገቡ።

«እንዲህ እየፈራችሁ ነው የምትለቅሙት?»

በባዶ እጃቸው ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ እያፈሱ ይለቅሙ ጀመር። አንድም አልለበለባቸውም። አርባ ዓመት ሙሉ እጃቸው አልረሳውም።

ሁለተኛው ማዳበሪያ ሲታሰር ቀና ሳይሉ ጠየቁ፤

«ልጄ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ የምልከው ወደ ማን ነው?»

ትርሲት መሬት መሬት አየች።

«ወደ አጎቴ፣ ወደ ጋሽ አባይነህ።»

ቢያድግልኝ እሷን ሲያይ ክንዱን ሳማው ውስጥ ጨመረው። ለበለበው። አላከከውም።