ከግድግዳ የተገለበጠ ክስ

ልብስ ሰፊዋ ሰው ከስሳ አታውቅም። ስትከስ ደግሞ የምትወደውን ሰው ሆነ።

የስፌት መኪና ጠጋኙ መጀመሪያ ሱቋ የመጣው ለሥራ ነበር። በኋላ ግን ምንም ያልሆነችውን መኪና «ዘይት ላጠጣት» እያለ መመላለስ አበዛ። እሱ አቀርቅሮ ዘይት ሲያጠጣ፣ እሷ አቀርቅራ ጠርዝ ስትዘመዝም፣ ሁለቱም የሆዳቸውን በሆዳቸው እንደያዙ ይመሻል።

አንድ ቀን መኪናዋ የእውነት ተበላሸች። ተሸክሟት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ስትደውልለት አያነሳም። ሱቁ ስትሄድ ጎረቤቶቹ «አሁን ወጣ» ይሏታል። ደንበኞቿም ቀስ በቀስ ሌላ ሰፊ ለመዱ።

«እስከ መቼ ነው የምትሞኚው?» አለቻት ታላቅ እህቷ። «ያ የምትወጂው ዓይኑ ልብስ ይሰፋልሻል? ሂጂና ክሰሺ።»

ጠበቃ የማቆም አቅም አልነበራትም። ለትንንሽ ክርክር ጠበቃ እንደማያስፈልግ ሰምታ ብቻዋን ፍርድ ቤት ሄደች። መዝገብ ቤቱ በር አጠገብ ለባለጉዳይ የተለጠፈ የክስ ናሙና ነበር። የሚያውቃት ሰው እንዳያያት አንገቷን ደፍታ፣ ስሙንና የዕቃውን ዓይነት ብቻ እየለወጠች ሌላውን እንዳለ ገለበጠችው። ያልገባት ቃል ሁሉ ሕግ መሰላት።

«ጠበቃሽስ?» አላት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ።

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው መጥሪያውንም አንቺው ታደርሻለሽ።»

ያን ቀን ጠጋኙ ሱቁ ውስጥ ተገኘ። መጥሪያውንና የክሱን ግልባጭ ከእጇ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ፈረመ። ቀና ብሎ አላያትም። እሷም እግሯ እንዴት ቤት እንዳደረሳት አታውቅም።

በቀጠሮው ቀን ከእናቱ ጋር መጣ። ዳኛዋ «ክስሽን አንብቢ» አሏት።

«ተከሳሽ ንብረቴን ለጥገና በሚል ከተረከበ በኋላ፣ በተንኮልና በማጭበርበር...»

እዚህ ላይ ማንበቧን አቆመች። ቃሉን ስትገለብጠው አልከበዳትም ነበር፤ እናቱ ፊት ከአፏ ሲወጣ ግን ፊቷ እሳት ሆነ። እናትየው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል።

«ቀጥዪ እንጂ» አሏት ዳኛዋ።

«...የግል ጥቅሙን ለማካበት ሰውሮ አስቀርቶብኛል» ብላ በጭንቅ ጨረሰች።

«ተከሳሽ፣ ምን ትላለህ?»

«አምኛለሁ» አለ ጠጋኙ።

«ማጭበርበሩንም?»

«ሁሉንም።»

ዝም ካለች ረታች ማለት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ ግን ተነሳች።

«ውሸት ነው፣ የተከበሩ ዳኛ። አላጭበረበረኝም። እዚያ ውጭ ግድግዳው ላይ ካለው ነው የገለበጥኩት።»

ከኋላ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሳቁ። ዳኛዋም ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አደረጉት። «እሺ፣ የግድግዳውን ተዪው። አንቺ የምትዪው ምንድን ነው?»

«መኪናዬን ወሰደ፤ አልመለሰም። እሱን እችለው ነበር። ያንገበገበኝ እኔን መሸሹ ነው።»

ጠጋኙ ያኔ ቀና አለ።

«የዛገ ብሎን አልፈታ ቢለኝ በመዶሻ መታሁት። የመኪናዋ ክንድ ተሰነጠቀ። በብየዳ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ምትክ ፈለግኩ፣ አጣሁ። መተዳደሪያዋ ያቺ መኪና ብቻ እንደሆነች እያወቅኩ ምን ብዬ ፊቷ ልቁም? ባፈርኩ ቁጥር ቀኑ ገፋ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ደግሞ ይብስ አፈርኩ።»

ዳኛዋ የማጭበርበሩ ቃል ከክሱ እንዲወጣ፣ እሱም ሌላ መኪና እንዲተካላት ወሰኑ።

ኮሪደሩ ላይ እናቱ ፊታቸውን አዙረውባት ቆመዋል። አቀርቅራ ልታልፍ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ወደ ልጃቸው ተጠጋች።

«ያን ቃል ቀድመህ አንብበኸዋል። እንዴት ዝም አልክ?»

«ከአንቺ ስለመጣ» አለ። «እውነት መሰለኝ። ለካ እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።»

ክሱን የገለበጠችበትን እጇን የምትሸሽግበት ቦታ አጣች።

«ከእኔ የመጣ ሁሉ እውነት ይመስልሃል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው እወድሃለሁ» አለችው፤ እናቱም፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ።

ይህኛውን ከየትም አልገለበጠችውም።