ላልቶ የተነገረው ቃል

አባ ምዕራፍ በሰበኩ ማግስት የዘንገብ መንግሥት አርባ ነጋሪቶች ማንም ሳይመታቸው ጮኹ። ሽማግሎች «ደም ይመጣል፤ ደም ካልመጣም ፍርድ» ብለው ተነበዩ። እንዲህ የተነበየ መቼም አይሳሳትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አባ በሰንሰለት ታሰሩ። ነገረ ፈጁ ብላታ ሸንቁጥ ስብከቱ የተጻፈበትን ብራና በንጉሥ ዛርጋ ዙፋን ፊት ዘረጋ።

«በላ ልበልህ! ዛርጋ ይሙት፣ ይህ ቄስ በአውደ ምሕረት ቆሞ ‹ንጉሡ ይመታል› ብሏል። ንጉሥ በማን ይመታል? በአመፀኛ! ሞት ይገባዋል!»

«አላልቼ ነው የተናገርሁት» አሉ አባ። «ንጉሡ ድሃውን ይመታል ማለቴ ነው። ንጉሥን መገሠጽ የካህን ወግ ነው።»

በብራና ላይ ግን የላላውና የጠበቀው አይለይም። ስብከቱን በሁለት ሺህ ጆሮ የሰማው ሕዝብ ተጠየቀ፤ «አልሰማንም» አለ። ንጉሡም ሰባት ቀን ቀጠረ፤ ምስክር ከታጣ አባ ይሰቀላሉ።

ያን ጊዜ ከመዘምራኑ መካከል ፍካሬ የምትባል ወጣት ተነሣች። ዜማ ያስተማሯት አባ ነበሩ፤ ስትዘምር ንቦች እንኳ ቀፏቸውን ይረሳሉ ይባል ነበር።

«ባስተማሩኝ ዜማ እምላለሁ፤ የአባን ቃል ከቃለዋጥ ጉሮሮ አመጣለሁ!»

ቃለዋጥ በእርሳስ ተራራ ጫፍ የሚኖር፣ በአደባባይ የተነገረ ቃል ሁሉ በነፋስ ሲደርሰው የሚውጥ ግዙፍ ወፍ ነው።

በቅሎ ነጂው ጎሽሜ ተከተላት። «እቴ፣ ነገረ ፈጁ ራሱ ‹ዛርጋ ይሙት› እያለ እየማለ፣ ‹ይመታል› ያሉትን ይከሳል! ይህን ችሎት ወፍ ካልዳኘው ማን ይዳኘዋል?» አላት።

የሚያንኮራፋውን ወንዝ እንቅልፍ ላይ ሳለ ተሻገሩ። የድንጋይ ጅቦች ከበቧቸው፤ ፍካሬ ዘመረችላቸውና ተኙ። በሦስተኛው ቀን ከተራራው ጫፍ ደረሱ።

«የዋጥሁትን ቃል የምተፋው በምትኩ ድምፅ ስውጥ ነው» አለ ቃለዋጥ። «የገባውም አይመለስም።»

«የእኔን ውሰድ!» አለ ጎሽሜ።

«ያንተንማ በቅሎዎችህም ጠልተውታል።»

ፍካሬ ሳቀች። ከዚያም አባ መጀመሪያ ያስተማሯትን መዝሙር ዳር እስከ ዳር ዘመረች፤ የመጨረሻዋ ዜማ ስታልቅ ጉሮሮዋ ባዶ ሆነ። ጎሽሜ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ።

በሰባተኛው ቀን ገመዱ በአባ አንገት ጠብቆ ሳለ ፍካሬና ጎሽሜ ደረሱ፤ ወፉም ከሰማይ ወርዶ በችሎቱ ጣሪያ ላይ አረፈ። አፉን ሲከፍት የወጣው የአባ ድምፅ ነበር።

«ንጉሡ ይመታል፤ ሕዝቡም ዝም ይላል!»

«መ» ላልታ ወጣች። ጸሐፊው የዘለለውም ግማሽ ተከተለ፤ ሕዝቡ መሬት መሬት አየ። ዛርጋ የገዛ እጁን አገላብጦ ብዙ ተመለከተ።

«ገመዱን አላሉት» አለ።

አባ እንደ ተፈቱ ወደ ፍካሬ ዞሩ። «ልጄ፣ ምስጋናውን ምሪልን።»

አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። አባ ገባቸው።

ጎሽሜ ግን ያንን የተራራውን መዝሙር ከሕዝቡ ኋላ ጀመረ፤ ዜማውን ክፉኛ ሰብሮት። አንዲት አሮጊት አቀናችለት። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መቶ፣ ከዚያ «አልሰማንም» ያለው ሕዝብ ሁሉ በአንድ አፍ አነሣው። አርባዎቹ ነጋሪቶች ማንም ሳይመታቸው ተቀበሉ።

ፍካሬ አንገቷን ቀና አድርጋ እጇን ከፍ አደረገች፤ መራቻቸውም።