ለእማ ያልከፈትኩት መስኮት

ይህ በእኔ በረውዳ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም፤ በሕልሜም አላየሁትም። «ፈጠራ ነው» የምትሉ፣ ሰቆጣ ድረስ ኑና መስኮቱን እዩት።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ከውጭ አገር በገባሁ ማግስት፣ እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተኝቻለሁ።

በሩ ተንኳኳ...

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ለልውውጥ ትምህርት ወደ ኖርዌይ ስላክ እማ ስኳር በሽታ ነበረባት፤ ሳልም አልለቅ ብሏት ነበር። ወንድሜን ሚፍታሕን አስምዬው ሄድኩ።

«ከባሰባት ንገረኝ። ሳላያት እንዳልቀር።»

«ወላሂ እነግርሻለሁ» አለኝ።

የሄድኩበት የሰሜን ጫፍ ከተማ መጀመሪያ ፀሐይ አልወጣም አለ፤ ኋላ ደግሞ አልገባም አለ። ጎረቤቴ በደረጃው ላይ ስንገናኝ መሬት መሬት ያያል። ከሆስፒታል ስወጣ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። ብቸኝነቱ ሊያሳብደኝ ደርሶ ነበር።

ያለችኝ እማ ብቻ ነበረች። በየቀኑ ትደውልልኛለች።

ከዒድ በኋላ ሚፍታሕ መደወል ተወ። «ሰቆጣ ኔትወርክ የለም» ሲባል ሰማሁ።

የእማ ስልክ ግን ይገባ ነበር...

ሳሏም ጠፋ። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ። ነርስ ተብዬዋ!

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። እማ «በላሽ ወይ?» ሳትለኝ ስልክ ዘግታ አታውቅም ነበር። እሱን ተወችው።

አንድ ቀን የምንከባከባቸው አሮጊት አረፉ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ዓይናቸውን ከደነችና መስኮቱን ከፈተችው። ነፍስ መውጫ እንድታገኝ ነው አለችኝ። ማታ ለእማ ነገርኳት። «አጃኢብ ነው» ብላ የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

አልሳቀችም።

ከዚያ በሹክሹክታ...

«ለእኔስ ማን ይከፍትልኛል?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የምትለኝ ይህንኑ ሆነ። «ስትመጪ መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

ትምህርቴን ጨርሼ ሰቆጣ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ቤት ያገኘሁት ሚፍታሕንና አክስቴን ሸምሲያን ነበር። የእማ ክፍል ተቆልፏል።

«ለሕክምና ደሴ ሄዳለች» አለኝ ሚፍታሕ።

«ትናንት እኮ ቤት ነኝ አለችኝ።»

አክስቴን አያቸው። አክስቴ ወደ ጓዳ ገቡ።

እንግዲህ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ ሳሎኑ በጎረቤት ሞላ። አንዳቸውም «እንኳን ደህና መጣሽ» አላሉኝም። ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ነው።

«ረውድዬ» አሉ አክስቴ፣ «እናትሽ ወደ አኼራ ሄዳለች። ከረመዳን በፊት።»

«ለዒድ እኮ አናግሬያታለሁ!»

አክስቴ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ነበርኩ። ድምፃችን ይመሳሰላል... በሰው አገር ብቻሽን መርዶ እንዳትሰሚ ብለን ነው። ወላሂ፣ ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም።»

«በየቀኑ የምትደውልልኝስ?»

«ማን?» አለ ሚፍታሕ። ከንፈሩ ደርቋል። «እስከ ባለፈው ሳምንት እኮ ኔትወርክ አልነበረም።»

አክስቴ በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ከጉያቸው አወጡ። የእማ ስልክ ነው። ጠፍቷል። ከዒድ ወዲህ አልተከፈተም።

አልቅሼ ሲወጣልኝ የክፍሏን ቁልፍ ሰጡኝ። እኔ ሳልመጣ እንዳይነካ ብለው ከቀብሯ ጀምሮ ዘግተውታል።

ብቻዬን ገባሁ። ትንሿ መስኮት ተዘግታለች፤ መስታወቷ አቧራ ለብሷል። እጄን መቀርቀሪያው ላይ አደረግኩ።

ስልኬ ጮኸ። «እማ» ይላል።

«ረውዳ... መጣሽልኝ?»

«መጣሁ፣ እማ።»

«ክፈቺልኝ። ደከመኝ።»

ብከፍተው ትሄዳለች። ከሄደች እኔ ማን አለኝ?

እጄን ከመቀርቀሪያው አነሳሁ።

«ነገ» አልኳት። «ነገ እከፍትልሻለሁ።»

ከዚያ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ...

«በላሽ ወይ?» አለችኝ።

ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ። ቁልፉን ከአንገቴ አላወልቅም። በየቀኑ ትደውላለች፤ በየቀኑ «ነገ» እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ገብቼ ሳይ መስታወቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አቧራው ላይ የመዳፍ አሻራ አገኛለሁ።

ትናንት ስልኩ አልጮኸም። ስጠብቃት መሸ። ምግብም አልቀመስኩም።

ዛሬ ጠዋት ገብቼ አየሁ። መቀርቀሪያው እንደተቀረቀረ ነው። በመስታወቱ የውስጥ አቧራ ላይ አዲስ አሻራ የለም።

የዛሬው የመዳፍ አሻራ ግን... ከውጭ በኩል ነው።